ከሩጫው በኋላ ይነገራት

«ዛሬ ከሰዓት ቤት ነሽ አይደል? ለትንሽ ጉዳይ ብቅ እንላለን» ይላል የደጋፊዎች ማኅበር ጓደኞቿ መልእክት። ስንቴ እንዳነበበችው እሷም አታውቀውም። ስልኩን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ በጀርባዋ ተጋድማለች፤ ተኝታለች እንዳይባል እንቅልፍ የሚሉት ነገር ከትናንት ወዲህ በደጇም አላለፈ። መጋረጃው ስስ ነውና የቀን ብርሃን ክፍሏን ሞልቶታል፣ ከላይኛው ፎቅ ወንበር ይጎተታል፣ ከታች አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ማታ ሥራ ትገባለች። የሆስፒታል አንሶላ ከሚታጠብበትና ከሚተኮስበት ትልቅ አዳራሽ ነው የምትውለው፣ የምታድረው ማለት ይሻላል፤ ሌላው ሰው ሲነቃ መተኛት፣ ሌላው ሲተኛ መነሳት ለምዳለች፣ ስንት ዓመት በዚሁ ኖራለች፣ ዛሬ ግን ዓይኗ አልከደን አለ። ለትንሽ ጉዳይ። ትንሽ አሉት! እንዴት ጣታቸው እሺ ብሎ ጻፈው። ምን ሊነግሯት እንደሚመጡ ታውቃለች፤ አባትሽ ሞቷል ሊሏት ነው። እነሱ የማያውቁት ዛሬ ጠዋት መስማቷን ነው። አባባ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል፣ ተቀብሯል፣ ተለቅሶለታል፣ አልቃሹም እንባውን ጠርጎ ወደየቤቱ ተበትኗል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አባት ያላት የመሰላት እሷ ብቻ ናት።

ትናንት በዚህ ሰዓት እየዘፈነች ነበር። ይሄ ነው አንጀቷን የሚበላት፤ እየዘፈነች ነበር። የደጋፊዎቹ ማኅበር አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ባንዲራው በየመስኮቱ ተሰቅሎ፣ ጥሩንባ ከበሮውን አንግቶ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ያዘፍናል። ጥሩንባ ታክሲ ነጂ ነው፤ ስሙ ሌላ ነው፣ ድምፁ ነው ጥሩንባ ያሰኘው። እሷ ስትገባ አውቶቡሱ በእልልታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። «የአውሎ እህት መጣች! ልቀቁላት፣ ከፊት ትቀመጥ!» አውሎ የሚሏት ታናሽ እህቷን ነው፣ ሯጯን። እነሱ አውሎ ይበሏት እንጂ ለእሷ ቁንጫ ናት፤ ልጅ ሆና ከአልጋ አልጋ ስትዘል ያወጣችላት ስም ነው። አዝላ ያሳደገቻት እሷ፣ አፍንጫዋን የጠረገችላት እሷ፣ የመጀመሪያውን የመሮጫ ጫማ ከዚህ አገር ገዝታ የላከችላት እሷ። ያቺ ቁንጫ ዓለም ያወቃት ሯጭ ሆና፣ ማራቶን ልትሮጥ እህቷ ያለችበት ከተማ ድረስ መጥታ፣ ሰንብታም አንዴ እንኳን ዓይኗን አላሳየቻትም። «አሠልጣኙ ከልክሎኝ ነው እታለም፣ ከሩጫው በኋላ እንገናኛለን» አለቻት በስልክ። እሺ አለች፣ ምን ትበል፣ ሥራዋ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪዋ ነበረች፣ በዚህ አገር እህቴ የምትላት አንዲት ሰው፤ የቤቷ ሁለተኛ ቁልፍ እሷ ጋ ነው፣ ስትታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣላት እሷ ናት። መንገዱን ሙሉ እጇን ይዛት ነበር። ለምን እንዲያ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘቻት ትናንት አልገባትም፤ የደስታ መስሏት እሷም መልሳ ጨመቀቻት።

ቦታ የያዙት ድልድዩ ሥር ነው። ጥሩንባ ነው የመረጠው፣ ድምፅ ያስተጋባል ብሎ፤ መንገዱ እዚያ ጋ ይጠብና ሯጮቹ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስባቸው ርቀት ያልፋሉ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው የሚቀረው ጥቂት ነው። የብረት አጥሩን ተደግፋ ትጠብቃለች። ስልካቸው ላይ የሚከታተሉት ይጮኻሉ፣ «ለብቻዋ ወጣች! ለብቻዋ ናት!»፣ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፋል፣ ፈቃድ ለምነው የመጡ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ያለቅሳሉ፣ ጥሩንባ ከበሮውን ሊቀደው ደርሷል፤ እና ከመታጠፊያው ብቅ ትላለች፣ ቁንጫ፣ ቀጭኗ ቁንጫ፣ ያንኑ የልጅነት አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ከኋላዋ ማንም የለ፣ ማንም! ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «በርቺ ቁንጫዬ! አባባ እያየሽ ነው! ለአባባ! አባባ እያየሽ ነው!» ከጎኗ ከበሮው ዝም አለ። አሁን ነው ይሄ ትዝ የሚላት፣ ያኔ ልብም አላለችው፤ ጥሩንባ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ አፍጥጦ አያት፣ ፀጉር ሠሪዋ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። ቁንጫ ዞር አለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ እግሯ የሌላ ሰው እግር መሰለ። ተራመደች። ማራቶን እየመራች፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ተራመደች! ትንሽ ሮጥ አለች፣ ደግሞ ቆመች፣ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች። አንዷ አለፈቻት። ሌላዋ አለፈቻት። ከዚያማ ጎርፍ ሆነ። ዘጠነኛ ወጣች።

ሰው በአንድ ትንፋሽ እንዲህ ይገለበጣል? ያው እልል ሲል የነበረ አፍ ነው እኮ። «ሸጠችን!» አለ አንዱ። «ወገቧን ይዛ ትራመዳለች እንዴ? ምን ጎድሎባት? እኛ እዚህ የሰው አገር ቀና ብለን እንሂድ ብለን ስንቃጠል!» «ጠግባለች በላት፣ ጥጋብ ነው።» «ነገ ሥራ ቦታ ምን ልበላቸው? ሳምንቱን ሙሉ ስጎርርባቸው ከርሜ!» ሽማግሌው ጥበቃ ኮፍያቸውን፣ ፎቶዋ የታተመበትን፣ መሬት ላይ ጣሉትና አላነሱትም። ጥሩንባ መጀመሪያ «ኧረ ተዉ፣ አታውቁም» ብሎ ነበር፤ ሰምታዋለች። ምኑን ነው የማያውቁት ብላ ዞር ስትል ግን ጩኸቱ በዛበት፣ ሰው ሁሉ አንተ ነህ ሰብስበህ ያመጣኸን ብሎ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ፣ እና ያ ድምፅ፣ ድልድዩን ያስተጋባው ድምፅ፣ «እኔም ከዛሬ ወዲያ ስሟን አልጠራም! ከዳችን!» አለ። እያወቀ። ያ ሰው እያወቀ ነው ከዳችን ያለው።

እሷስ? እሷ ምን አለች? ሲመለሱ ዘፈን የለም፣ ባንዲራው ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ገብቷል፣ የተሳፈረው ሁሉ እሷን ያያል፣ ወገቧን ይዛ የተራመደችው እሷ ይመስል፤ ከፊት ወንበር አስቀምጠዋታልና መደበቂያ እንኳን የላትም። አንዲት ሴት ከኋላ «ዘመዶቿስ ቢሆኑ ምን ይላሉ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለእሷ። ፊቷ ነደደ። ተነስታ ቆመችና «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!» አለች። አንዳንዱ እሰይ አላት። ፀጉር ሠሪዋ ግን ብድግ ብላ አፏን በእጇ ከደነቻት፣ «ተይ፣ እንዲህ አትበይ የኔ እናት፣ ኋላ ይቆጭሻል።» የሚቆጭሽ አለ ካልሽ ለምን አትነግሪኝም ነበር? ያን ጊዜ፣ እዚያው፣ ጆሮዬ ሥር፣ አፌን በከደንሽበት እጅ። ትናንት ግን ቤቷ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ለእህቷ ደወለች። ቁንጫ አነሳችው፣ ትንፋሿ ተሰማ። «አላፈርሽም?» አለቻት። «አባባ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ! ምን ይሰማዋል? በሽማግሌ ዕድሜው አንገቱን አስደፋሽው!» ትንፋሹ ተቋረጠ፣ ተመለሰ። «እታለም፣ አባባን አታንሺብኝ» አለችና ዘጋችው። አታንሺብኝ! ታዲያ ማንን ላንሳ? እሱን ነው ወይ የምትከለክለኝ? እንዲህ እየተብሰለሰለች ሥራ ገባች፣ ትልቁ መተኮሻ ማሽን ፊት ቆመች፣ አንሶላውን ከባልደረባዋ ጋር ግራና ቀኝ ይዛ የማሽኑ አፍ ላይ ዘረጋች፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ባልደረባዋ ቋንቋዋን አታውቅም፣ እሷም የዚያችን አታውቅም፣ በምልክት ነው የሚግባቡት። ትናንት ማታ ግን ያቺም ሁለት ጣቷን ማሽኑ ጠርዝ ላይ አቁማ ቀስ አድርጋ አራመደቻቸው፣ እህትሽ ምን ሆና ነው ለማለት። ሳቀችላት። ምን ታድርግ። ሲነጋ ግን ወደ ቤቷ የሚወስደውን አውቶቡስ ትታ ቁንጫ ወዳረፈችበት ሆቴል የሚወስደው ላይ ወጣች። ልትሰድባት ነበር። ፊት ለፊት፣ እንደ ታላቅ፣ እንደ ልጅነታቸው።

ሆቴሉ በር ላይ ስም ይጠይቃሉ፣ የክፍል ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ዝርዝሩ ላይ የለሽም ይላሉ። እህቷ ነኝ ብትል እንግዳ ተቀባዩ ፈገግ አለ፤ እስከ ትናንት ድረስ እህቷ ነኝ፣ የአጎቷ ልጅ ነኝ የሚል መንጋ መጥቶበታል፣ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ማንም አልመጣ። መታወቂያዋን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሰውዬው መታወቂያውን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ደግሞ መታወቂያውን አየ። ሁለተኛው ስም አንድ ነው። በአባባ ስም ነው የገባችው። ቁንጫ በነጠላ ጫማ ወረደች፣ የእግሯ ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለው፣ ዓይኗ አብጦ፣ እና ሰው በማያያቸው ሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሁለት የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሻንጣዎች ላይ ተቀመጡ።

«ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽው» አለች ቁንጫ።

«አዎ። ግን ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? አትበይም እንዴ?»

«እታለም፣ ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«አባባ የለም።»

«የት ሄደ?» አለች። እንዲህ ብላ ጠየቀች፤ እንደ ሕፃን፣ ሱቅ እንደሄደ ሰው። ቁንጫ እጇን ያዘቻት፣ እና ያን ጊዜ ከሁለት ወር ወዲህ የሰማችው ሰበብ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ፊቷ ቆመ። አባባን አገናኙኝ ስትል፣ አሁን ገና ጋደም አለ። አባባን አገናኙኝ፣ እግሩን ሊያፍታታ ወጣ አለ። አባባን አገናኙኝ፣ ጆሮው ከብዶታል፣ ስልክ አይሰማም። የመጣላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

«ማነው ለእሷ አይነገር ያለው?»

«ብቻዋን ናት፣ ሰው ይሰብሰብላት ተባለ። ከዚያ ሩጫው ደረሰ። ከሩጫው በኋላ ይነገራት ተባለ። አንቺ ሰምተሽ ሳገኝሽ አብሬሽ እንዳልፈርስ።»

«ማነው ያለው?»

«እማዬ። አሠልጣኙ። የእናንተ ማኅበር ሰዎችም ያውቃሉ።»

«አንቺስ?»

ቁንጫ አቀረቀረች። «እኔም» አለች። «ለዚህ ነው ያልመጣሁት። ሳይሽ ዝም ማለት አልችልም ነበር። ሀዘኔን ቆልፌበት ነው የመጣሁት እታለም፣ ማንም እንዳያነሳብኝ ለምኜ። ሩጫውን ስጀምርም አልመጣብኝ፣ መሀል ላይም አልመጣብኝ። ድልድዩ ሥር ድምፅሽን ሰማሁ። እያየሽ ነው አልሽ። ዞሬ ፊትሽን አየሁት። አባት ያለው ሰው ፊት ነው። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እና እኔ ነኝ የጣልኩሽ?»

«አንቺ አይደለሽም።»

«ታዲያ የማን አፍ ነው?»

የቡድኑ ሰው በሩን ቆርቆር አድርጎ ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደው መኪና ደርሷል አለ። ቁንጫ ተነሳች፣ አቀፈቻት፣ ትከሻዋ ላይ አጥንቷ ወጋት። «ለማንም አትንገሪ» አለቻት ጆሮዋ ላይ። «ምክንያት ፈለገች ይሉኛል።» ሄደች። እንባ አልመጣም። ሻንጣው ላይ ቁጭ እንዳለች፣ አባቷ ሞቶ፣ እንባ እምቢ አላት፤ የደረቀች መሰላት፣ ከማሽኑ እንደወጣ አንሶላ።

እማዬ ጋ የደወለችው መንገድ ላይ ነው፣ እየሄደች፣ ሰው እየገፋት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ያን ቀን» አለች፣ «ጆሮው ከብዶታል ያልሽኝ ቀን፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት ያልኩሽ ቀን፣ ማን ጆሮ ላይ ነው ያደረግሽው?» ያን ቀን ብዙ አውርታው ነበር። ጥርሴን አሞኝ ነበር አሁን ተሽሎኛል ብላዋለች፣ ቁንጫ ልትመጣ ነው፣ አብረን ፎቶ ተነስተን እንልክልሃለን ብላዋለች፣ ባለፈው በስልክ ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ፣ ደክሞኝ ነው ብላዋለች። እማዬም መልሳ ተቀብላ፣ ሰምቶሻል፣ ራሱን ነቀነቀ ብላታለች። ነቀነቀ! «እኔው ጆሮ ላይ ነው ልጄ» አለች እናቷ። «እኔው ነኝ የሰማሁሽ። ምን ላድርግ? ብቻሽን ነሽ። መሬት ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብዬ ነው። ለዚያች ለጓደኛሽ ደውዬ ሰው ሰብስቢላት አልኳት፣ እሺ አለችኝ፣ እናቴ አትስጊ አለችኝ።» እናቴ አለቻት አሉ። «ይቅር በይኝ።» ስልኩን ዘጋችው። የእናቷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ስትዘጋ በዕድሜዋ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አሁን አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም እየፈታች ትገጥመዋለች። ፀጉር ሠሪዋ፣ ሁለት ወር ይሆናል፣ «ይሄ ፌስቡክ ስልክሽን አክብዶታል፣ ላጥፋልሽ፣ ቀለል ይበልሽ» ብላ ስልኳን ተቀብላ ነበር፤ አመስግናታለች፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር ብላታለች። አውቶቡሱ ውስጥ ስለ አባባ ስታወራ፣ ይሄኔ እንዲህ ብሎ ተቀምጧል፣ እንዲህ እያለ ነው ብላ ድምፁን ስታስመስል፣ የሚያውቁት ሳይቀሩ ይስቁላት ነበር። ስቀዋል። የሞተ ሰው ድምፅ ነው የምታስመስልላቸው፣ እነሱም ያውቃሉ፣ እና ስቀዋል! አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ አንድ ሰው፣ ነይ እስኪ ወዲህ የሚላት ጠፋ? አለማልቀሷን ለእሷ ብለው አይደለም የጠበቁት፣ ለሜዳሊያው ብለው ነው፤ ሜዳሊያው ሲቀር ደግሞ ልጅቷን ረገሙ፣ እሷንም ከጎናቸው አቁመው አስረገሟት። የእናቷ ሊገባት ይችል ይሆናል፣ አንድ ቀን። ቁንጫን ከአሁኑ ይቅር ብላታለች። እነዚህን ግን፣ እነዚህን ምን ታድርጋቸው? ከእነሱ ሌላ ደግሞ በዚህ ከተማ ማን አላት?

ደረጃው ላይ እግር ተሰማ። ብዙ እግር ነው፣ ቀስ የሚል፣ የሚጠነቀቅ። ተነሳች፣ በባዶ እግሯ እስከ በሩ ሄደች፣ ግን አልከፈተችም፣ እጀታውን ይዛ ቆመች። ከውጭ ይንሾካሾካሉ።

«አንተ ጀምር፣ አፍህ ያውቅበታል።» የፀጉር ሠሪዋ ድምፅ ነው።

«መጀመሪያ ትቀመጥ። ቁማ እንዳይሆን» ጥሩንባ ነው፣ ሊያንሾካሹክ እየሞከረ አልሆንለት ያለ።

«ተኝታ ከሆነስ? ማታ ሠርታ ነው።»

«እንቀስቅሳታ። እስከ ነገ ይዤው ማደር አልችልም፣ በቃኝ።» ፀጉር ሠሪዋ ናት፣ ታለቅሳለች።

ከኋላ፣ ትናንት ሸጠችን ብሎ የጀመረው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የምለው ግን፣ ሀዘን ላይ ከነበረች ለምን ተመዘገበች? ለሚችል ሰው ቦታውን አትለቅም ነበር?»

«ዝም በል፣ በሩ ላይ ነን።»

«አይ፣ ዘጠነኛ ስለሆነ ነው። ሦስተኛ እንኳን ቢሆን...»

ከፈተችው። የመጨረሻው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ሁሉም፣ ሽማግሌው ጥበቃ እንኳን አሉ፣ ኮፍያ ሳያደርጉ፣ ደረጃው እስከ ታች ሞልቷል። ጥሩንባ ፊቱን ለሀዘን አዘጋጅቶ ገና «እንዴት ዋልሽ እህታችን፣ እስኪ ወደ ውስጥ...» ሲል እጇን አነሳች።

«ደግ መጣችሁ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «እኔም የምነግራችሁ ነገር ነበረኝ። አባቴ ሞቷል።»

የጥሩንባ አፍ ተከፍቶ ቀረ፣ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነችና፣ ሁለት ወር ሙሉ ስትዋሽ የከረመች ምላሷ ቀድሟት፣ «ወይኔ እህቴን! መቼ? መቼ ሞቱ?» ብላ ጮኸች።

ቃሉ እንደወጣ ራሷም ሰማችው። ፊቷ አመድ ሆነ።

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ» አለቻት። «እኔማ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ፀጉር ሠሪዋ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማንም አልነካትም። እና ያኔ፣ በሩን እንደያዘች፣ ከማለዳ ጀምሮ እምቢ ያላት ነገር ከሆዷ ተነቅሎ መጣ፤ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጥሩንባ ሊይዛት ተንደረደረ።

«አትንኩኝ!» አለች። «አንዳችሁም እንዳትነኩኝ!»

ቆመ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ እነሱ ደረጃው ላይ ቆመው፣ እሷ ከውስጥ ወለሉ ላይ ተደፍታ፣ አባቷን ብቻዋን አለቀሰችው።